ውሻ ከእርሻ ምን አገባው?

«ውሻ ምን አገባው ከእርሻ?» እየተባለ ይቀለዳል። ይህን ያለ ሰው በቆሎ እሸት በያዘ ሰሞን ሁምቦ ቆላ ወርዶ አንድ ሌሊት አላደረም። ሲመሽ ከርከሮ ይመጣል። እኩለ ሌሊት ላይ ጃርት የስኳር ድንቹን መደብ ይቆፍራል፤ የእንሰት ሥር ካገኘም አይምርም። ሊነጋጋ ሲል ጅብ በረቱን ይዞራል። ፀሐይ ወጣች ብሎ እፎይ ያለ ገበሬ ደግሞ ቀጣዩ ተረኛ ዝንጀሮ መሆኑን ያውቃል። በዚህ ሁሉ መሀል ሳይታክት ነቅቶ የሚያድረው ውሻ ነው።

ሙያዬ ነርስነት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በወላይታ ጤና ጣቢያዎች ቁስል ሳጥብ፣ ሕፃን ስከትብ፣ እናት ሳዋልድ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቤቴ ሶዶ ከተማ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን የማሳልፈው ሁምቦ፣ ከአባቴ በወረስኳት መሬት ላይ ነው። እዚያ በቆሎ፣ ስኳር ድንችና ጎደሬ አለኝ፤ ሁለት ላሞችና ጥቂት ፍየሎችም አሉኝ። ውሾችም አሉኝ።

ውሻ አርቢ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ነገሩ የጀመረው ዳማ ከምትባል አንዲት ቡናማ ሴት ውሻ ነው። የእሷ ቡችሎች ጎበዝ ጠባቂ ወጣቸውና ወሬው ተዛመተ። አሁን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰው በሬ ላይ ይቆማል። «ሲስተር፣ ከእርስዎ ቤት አንድ ካና ፈልጌ ነበር» ይላል። ካና በወላይትኛ ውሻ ማለት ነው። እኔም ቡችላውን ከመስጠቴ በፊት ሰውየውን ቡና አቅርቤለት፣ እንደ ታካሚ አስቀምጬ፣ የምለውን እንዲሰማኝ አደርጋለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምጽፈውም ያንኑ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው አንድ ነገር ነው፦ ማሳህን የሚጠብቀው ውሻ ልጅህ አጠገብ ነው የሚውለው። ስለዚህ ውሻ ማሳደግ የእርሻ ሥራ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ጤና ጉዳይ ነው።

ጠባቂ የምንለው የቱን ነው?

በእኛ አካባቢ ማሳ መጠበቅ ብዙ ጊዜ የልጆች ሥራ ነው። እሸት በደረሰ ጊዜ ልጁ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ዝንጀሮ ሲያባርር ይውላል፤ ሌሊት ደግሞ ከአባቱ ጋር በማሳው ጎጆ ያድራል። በማግስቱ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚጥለው ወይም ጭራሽ ከትምህርት ቤት የሚቀረው እሱ ነው። ጥሩ ውሻ ያለው ቤት ይህን ሸክም ያቀልላል።

ሁምቦ ላይ ደግሞ ነገሩ ከቀድሞው ይለያል። ተራቁቶ የነበረው ተራራ ተከልሎ፣ የተቆረጠው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ተደርጎ፣ 2,728 ሄክታር መሬት እንደገና ደን ለብሷል። ደኑ ጥላውንና ሣሩን መልሶልናል። ከጥላው ጋር አውሬውም ተመልሷል። በዚህ ማንም አይከፋም፤ ግን ከደን አጠገብ የሚያርስ ሰው ውሻ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ብዙ ሰው ጠባቂ ውሻ ሲል ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ ማለቱ ነው። ቡችላው ቁጡ እንዲሆን ጆሮውን የሚቆርጡ አሉ። ሚጥሚጣ የሚያበሉ፣ ተርብ በእንጀራ ጠቅልለው የሚያጎርሱም አይቻለሁ። ጆሮው የተቆረጠ ቡችላ የሚያተርፈው ቁስልና ዝንብ ነው። ሚጥሚጣውም ሆዱን ከማቃጠል በቀር የሚሠራው የለም። አንድ ውሻ መንጋ ዝንጀሮ ወይም ጅብ ገጥሞ አያሸንፍም፤ እንዲገጥምም አንፈልግም። ሥራው ቀድሞ መስማት፣ መጮህ፣ ሰውን መቀስቀስና አውሬው ደፍሮ እንዳይቀርብ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጤነኛ ጆሮ፣ ጤነኛ እግርና ቤቱን የሚወድ ልብ ነው።

ከአዲስ አበባ ትልቅ የፈረንጅ ዲቃላ በውድ ዋጋ ገዝተው የሚመጡም አሉ። ውሻው ግርማ አለው፤ ግን ቀለቡ ብዙ ነው፣ የቆላውን ሙቀትና መዥገር አይችልም። የሀበሻ ውሻ ፀጉሩ አጭር፣ ሰውነቱ ቀለል ያለ፣ በትንሽ ምግብ ብዙ የሚሠራ ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ እዚሁ አገር ሙቀቱንና መዥገሩን ችለው የኖሩ ናቸው። እኔ ከእሱ ሌላ አልፈልግም።

የእናቲቱ ነገር

ጥሩ ቡችላ ከእናቱ ይጀምራል። ሴት ውሻ ብዙውን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ትፈልጋለች፤ ይህም ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። በመጀመሪያው ጊዜ እሷ ራሷ ገና ልጅ ናት። ዳማን ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላት አላስወለድኳትም፤ ከዚያም በኋላ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አላስወለድኳትም። በሰው እናቶች ላይ ያየሁት በውሻም ያው ነው፤ ሳታገግም ደጋግማ የምትወልድ እናት እሷም ትጎዳለች፣ ልጆቿም ይከሳሉ።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውሻዋን ግቢ አስገብቶ መዝጋት ይገባል። አለዚያ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ ተሰብስቦ ይነካከሳል። ይህ ንክሻ ደግሞ በሽታ የሚተላለፍበት ዋናው መንገድ ነው። ወንዱን እኔ እመርጣለሁ። ከሌላ ቀበሌ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ወንድምና እህት ወይም አባትና ልጅ ሲገናኙ ደካማ ቡችላ ይበዛል። ባለቤቱን የማውቀው፣ የተከተበ፣ ለሰው ገር የሆነ፣ ሌሊት ግን የማይተኛ ውሻ ይሁን። ጠባይ እንደ መልክ ይወረሳል፤ ሕፃን የሚነክስ ውሻ ቢያምርም ለዘር አይሆንም።

እርግዝናው 63 ቀን ያህል ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ቀለቧን ቀስ በቀስ እጨምራለሁ። የምትወልድበትን ቦታ ከነፋስና ከዝናብ የተከለለ አደርግና የደረቀ የእንሰት ቅጠል አነጥፍላታለሁ። ይሞቃል፣ እርጥበት ይመጥጣል፣ ሲቆሽሽም አውጥቶ መቀየር ቀላል ነው። ስትወልድ ዘመድ አዝማድ አይሰብሰብባት። አንድ ሰው ራቅ ብሎ ይያት። ቡችሎቹ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሁሉም መጥባታቸውን ማየት ይበቃል፤ የመጀመሪያው ወተት ለቡችላም ለሕፃንም የመጀመሪያው መከላከያ ነው።

ዓይናቸው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይከፈታል። ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው አልለያቸውም። ሰው ይቸኩላል፤ በወሩ ውሰዱልኝ የሚልም አለ። በእነዚያ ሳምንታት ግን እናታቸው ከእኔ የተሻለ ታስተምራቸዋለች። ወንድሙን አጥብቆ የነከሰ ቡችላ ሲጮህበት፣ ጨዋታው ሲቋረጥበት፣ ጥርሱን መቆጠብ ይማራል። ያን ሳይማር የሄደ ቡችላ ነገ የልጅ እጅ ላይ ነው የሚማረው።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ሁሉም የሚፈልገው ወንድ ቡችላ ነው። ሴቶቹን በጆንያ ከትተው ገበያ ዳር ወይም ከመንገድ ዳር የሚጥሉ ብዙዎች ናቸው። ከሞት የተረፉት አድገው እዚያው ይወልዳሉ፤ ያልተከተበ ባለቤት አልባ መንጋ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ከዚያ «ውሻ በዛብን» እንላለን። እኔ ፈላጊዎቹን ሳልመዘግብ ዳማን ከወንድ ጋር አላገናኝም። ሴት ቡችላ የሚወስድ ሰው ደግሞ መውለድ እንድትችል ካልፈለገ እንድትመክን የእንስሳት ሐኪም ያማክር እላለሁ። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ በየወረዳውም የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ። መጠየቅ አይከፋም።

ረሃብ ዘበኛ አያደርግም

«ውሻ ከጠገበ ይተኛል» የሚል እምነት ስላለ ሆን ብለው የሚያስርቡ ገበሬዎች አሉ። የራሳችን ተረት እንኳ ተቃራኒውን ነው የሚናገረው፤ ውሻ በበላበት ይጮሃል። የተራበ ውሻ ማሳውን ትቶ ሥጋ ቤት ደጃፍ ያድራል። እዚያ ከማያውቃቸው ውሾች ጋር ተናክሶ፣ የሞተ እንስሳ በልቶ፣ በሽታ ይዞ ይመለሳል። ቀለቡን እቤቱ ያገኘ ውሻ ግን ከግቢው አይርቅም።

ቀለብ ማለት ሥጋ ማለት አይደለም። የእኔ ውሾች የበቆሎ ገንፎ በአጥንት መረቅ፣ የተረፈ ቆጮ፣ አጓት፣ አልፎ አልፎም እንቁላል ይበላሉ። ቡችላ ሲሆኑ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ፤ ካደጉ በኋላ ጠዋትና ማታ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ አልሰጥም። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ አለ።

ሆዱ የተነፋ ቡችላ ሲያዩ «ጠግቧል» የሚሉ አሉ። ብዙ ጊዜ ትል ነው። ወስፋት ከእናትየው ገና በማኅፀን ሳለ፣ በኋላም በወተቷ ይተላለፋል። ስለዚህ የትል መድኃኒት በሁለት ሳምንታቸው እጀምርና ስምንት ሳምንት እስኪሞላቸው በየሁለት ሳምንቱ እደግማለሁ፤ መጠኑን የሚወስነው የእንስሳት ባለሙያው ቡችላውን መዝኖ ነው። እናቲቱም አብራ ትወስዳለች። የዚህ ትል እንቁላል አፈር ላይ ወድቆ በልጆች እጅ ወደ አፋቸው ይገባል፤ ሕፃናትንም ያሳምማል። መዥገርና ቁንጫም በየሳምንቱ ይታያሉ።

ማሳደጉ ላይ ምስጢር የለውም። ቡችላውን ከፍየሎቹና ከጥጆቹ ጋር አውለዋለሁ። ሽታቸውን ይለምዳል፣ ሲረግጡት ገለል ማለት ይማራል። ዶሮ ሲያባርር በለሆሳስ እከለክለዋለሁ፤ ስጠራው ሲመጣ ቁራሽ እሰጠዋለሁ። ልጆቼን የማስተምረው ደግሞ ሲበላ እንዳይነኩት፣ ሲተኛ እንዳይረግጡት፣ ጅራቱን እንዳይጎትቱት ነው። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ በሰው ላይ ቂም ይይዛል፤ ማታ ሲፈታ የሚነክሰው ሌባውን ሳይሆን ውሃ ቀድታ የምትመለሰውን የጎረቤት ልጅ ነው። የግድ የሚታሰር ከሆነ ጥላ ሥር፣ ረዘም ባለ ገመድ፣ ውሃው ቀርቦለት ይሁን።

ጊፋታና ሳንባው

በጊፋታ ሰሞን ለሚመጡ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ምክር አለኝ። ጊፋታ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። በመስከረም ጎረቤት ተሰባስቦ፣ ዓመቱን ሙሉ የቆጠበውን አውጥቶ፣ ሰንጋ ያርዳል። ሥጋው ሲከፋፈል የውሻውም ድርሻ ይጣላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጣልለት ሰው የተጸየፈው ክፍል ነው፤ ውሃ የቋጠረ ሳንባ፣ እባጭ ያለበት ጉበት።

ያ የቋጠረ ውሃ የትል ዕጭ ከረጢት ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ሚሊ ሜትሮች ብቻ የሚረዝሙ ጥቃቅን ትሎች ያድጋሉ። ውሻው አይታመምም፤ ከስቶም አይታይም። የትሉ እንቁላል ግን በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይለጠፋል። ልጁ ውሻውን ዳስሶ ሳይታጠብ ሲበላ ወይም ያልታጠበ ጎመን ሲበላ እንቁላሉ ይገባል። ከዚያ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ጎልማሳ ሆኖ በጎኑ ትልቅ እባጭ ይዞ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚላክ ሰው አይቻለሁ፤ ስሙም ሃይዳቲድ ይባላል።

መከላከያው ቀላል ነው። እባጭ ያለበትን ሳንባና ጉበት ውሻ በማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል። ለውሻ የሚሰጥ የሆድ ዕቃ ካለ በደንብ መቀቀል። ውሻውም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በባለሙያ ትእዛዝ በየጊዜው መውሰድ። እጅ መታጠቡን ከነገርኳችሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ አሁንም እደግመዋለሁ።

አንድ ብርጭቆ ውሃ

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ቢረሳ ይህኛው እንዳይረሳ እፈልጋለሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ አንድ አባት የስምንት ዓመት ልጁን አዝሎ መጣ። «ጉሮሮው ተዘግቷል፣ ውሃ አልዋጥ ብሎታል» አለን። ልጁ ትኩሳት ነበረው፤ ዓይኖቹ ፈጠው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ውሃ በብርጭቆ አቀረብኩለት። በጣም ጠምቶት ነበርና እጁን ዘረጋ። ብርጭቆው ወደ ከንፈሩ ሲጠጋ መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቱ ተሳሰረ፣ ጮኸ። በሩ ተከፍቶ ነፋስ ፊቱን ሲነካውም እንደዚያው ሆነ። አባትየውን ውሻ ነክሶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅነው። ሁለት ወር ገደማ ሆኖታል አለ፤ የራሳቸው ቡችላ ነው፣ ጣቱን ጫር አድርጎት ነበር፣ ቡችላውም በሳምንቱ ሞተ። ለመድኃኒት አዋቂ ፍየል ከፍለው ቅጠል ተደርጎለት፣ ቁስሉም ድኖ ነበር።

ልጁ በሦስተኛው ቀን አረፈ። አባትየው ልጁን አልበደለም፤ ከነበሩት ፍየሎች የተሻለውን ሰጥቶለታል። ቁስሉ መዳኑ ግን በሽታው መዳኑ አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል፤ ከሳምንት እስከ ዓመት ሊደርስም ይችላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን በክትባት ማዳን ይቻላል። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ክትባት የሰጠው ዮሴፍ ማይስተር ለሚባል ውሻ የነከሰው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ልጁም ድኖ ጎልማሳ ሆኗል።

እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን በአገራችን የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ነበር። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋል። ሰው መርፌውን ፈርቶ ይጠፋ ነበር። የአሁኑ ክትባት አራት ወይም አምስት ጊዜ ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ስለዚህ ውሻ ከነከሰ፣ ቢጭርም፣ ቁስል ላይ ቢልስም፣ የሚደረገው ይኸው ነው። ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። በርበሬ፣ ቡና፣ አመድ ወይም ቅጠል አታድርጉበት፤ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ክትባቱ እዚያ ከሌለ ወዳለበት ይላካል። ቁስሉ ከባድ ከሆነ ከክትባቱ በተጨማሪ ቁስሉ ዙሪያ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ። የጀመራችሁትን ክትባት ሁሉንም ጨርሱ። ውሻውን በንዴት አትግደሉት፤ መያዝ ከተቻለ አስራችሁ 10 ቀን ተመልከቱት። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው፤ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። ነገር ግን ውሻውን እያያችሁ ክትባቱን አታዘግዩ።

ሌላም ልብ በሉ። ያበደ ውሻ ሁሉ ለሃጩን እያዝረበረበ አይሮጥም። አንዳንዱ ጥግ ይዞ ይደበቃል፣ ጨለማ ይፈልጋል፣ ድምፁ ይቀየራል፣ መንጋጋው ይወድቃል። ባለቤቱ «አጥንት ጉሮሮው ውስጥ ተሰንቅሯል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ላምም እንዲሁ ናት፤ ስታጓራና ለሃጯ ሲዝረበረብ በእጅ ጉሮሮዋን የሚፈትሽ ሰው አለ። አታድርጉ፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

መርዝ ወይስ መርፌ

አንድ ጊዜ ከእኛ ጎረቤት ባለ መንደር ውሻ ሁለት ሰው ነከሰና ስብሰባ ተጠራ። ሐሳቡ የተለመደው ነበር፤ መርዝ በሥጋ ተለውሶ ሌሊት ይበተን፣ ውሻው ይለቅ። የፈራ ሰው ያለው ነውና አልፈርድም። እኔ ግን ተነሥቼ ተናገርኩ።

መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። አሞራውንም ያገኘዋል። ሥጋውን ያነሣ ሕፃን ቢኖርስ? ውሻው ሁሉ ቢያልቅ ደግሞ ዝንጀሮው አይጠብቀንም፤ በሁለት ወር ውስጥ ሁሉም ሰው ከሌላ ቦታ ያልተከተበ ቡችላ ያመጣል፤ ወደነበርንበት እንመለሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል ነው። ከአሥር ውሻ ሰባት ማለት ነው፤ ሁሉም እንኳ አልተባለም። ሰው ከሚይዘው የዚህ በሽታ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ከውሻ የሚመጣ ስለሆነ ውሻውን መከተብ ማለት ልጁን መከተብ ነው። ሜክሲኮ ይህን መንገድ ለዓመታት ተከትላ በ2019 እ.ኤ.አ. ከውሻ የሚመጣውን የሰው ሞት ማስወገዷን የዓለም ጤና ድርጅት ከሁሉም አገር ቀድሞ አረጋግጦላታል።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። ባሌ ተራሮች ላይ እረኞች ከብታቸውን ከጅብና ከነብር ለመጠበቅ ውሻ ይዘው ይወጣሉ። ከእነዚያ ውሾች የተነሣው በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. በምድር ላይ የእኛ ብቻ የሆነውን ቀይ ቀበሮ ክፉኛ ፈጅቶታል። እዚያ መፍትሔ የሆነው የእረኞቹን ውሾችና ቀበሮዎቹን መከተብ ነው። ለቀበሮ የታሰበ ነገር ለልጆቻችን እንዴት ይነፈጋል?

አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ሲስተር፣ ልጁን ለማሳከም የሌለው ሰው ለውሻ ይከፍላል?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ለአንድ ውሻ ክትባት የከፈልኩት ከአንድ ዶሮ ዋጋ ያነሰ ነበር። ብዙ ውሻ በአንድ ቀን ከተሰበሰበ ደግሞ ባለሙያው ራሱ ቀበሌ ድረስ ይመጣል፤ ሰው ቀን ሠርቶ የሚያገኘውን ትቶ ወደ ከተማ አይጓዝም። በመጨረሻ መርዙ ቀረና ቀን ተቆረጠ። በዕለቱ ሰው በገመድ፣ በቀርከሃ፣ አንዱም በእጁ አቅፎ ውሾቹን አመጣ። ሁሉም አልመጡም። «ክትባት ውሻን ያሰንፋል» ብለው የቀሩ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግን የተከተቡት ውሾች ሲጮሁ ሰምተው ከቀሩት ከፊሉ መጥተዋል።

ቡችላ የሚከተበው ሦስት ወር ሲሞላው ነው፤ በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያም ባለሙያው በሚሰጠው ቀጠሮ በየጊዜው ይቀጥላል። የዘመቻ ቀን ከሆነ ከዚያ ያነሰ ቡችላም ይዛችሁ ኑ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቡችላንም ይይዛል። ቀኑን ላለመርሳት እኔ የማስታውሰው በመስቀል ነው። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሴፕቴምበር 28 ይከበራል፤ ፓስተር ያረፈበት ዕለት ነው። በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ላይ ይውላል። ልጆች ሁሉ ከከተማ ለበዓል እቤት የሚገቡበት፣ ግቢው የሚሞላበት ሰሞን ነው። የውሻውን የክትባት ካርድ አውጥቶ ቀኑን ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ዓለም በ2030 እ.ኤ.አ. ከውሻ በሚመጣ በዚህ በሽታ አንድም ሰው እንዳይሞት ግብ ይዟል። ግቡ የሚሳካው ጄኔቫ ውስጥ ሳይሆን በእኛ በረትና በእኛ ደጃፍ ነው።

ዳማ አሁን አርጅታለች፤ መውለድ ካቆመች ቆይታለች። ቀን ቀን ከቡናው ጥላ ሥር ትተኛለች፤ ሌሊት ጃርት ሲመጣ ግን አሁንም ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ልጇ ከጊፋታ በኋላ ትወልዳለች ብዬ እጠብቃለሁ። ቡችሎቹ ሳይወለዱ አራት ቤቶች ጠይቀውኛል፤ ሁለቱ ሴት ቡችላ ለመውሰድ ተስማምተዋል። ገንዘብ አልጠየቅኳቸውም። የጠየቅኳቸው ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው አስከትበው፣ ካርዱን ይዘው፣ ከልጆቻቸው ጋር መጥተው እንዲያሳዩኝ ነው። ቡናውን እኔ አፈላለሁ።